የመርከቧ ግራ ጎን፦ ኢንተርፕራይዝን ሙዚየም ውስጥ አየኋት

ልጅ ሆኜ ስታር ትሬክ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ሳይ፣ ስለ ህዋ መርከቧ ስለ ኢንተርፕራይዝ የማልጠራጠረው አንድ ነገር ነበር። ግዙፍ ናት። ውስጧ 430 ሰው ይሠራል ሲሉን አምነናል። ከብዙ ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአየርና የህዋ ሙዚየም ገብቼ ለቀረጻ የተሠራችው ሞዴል ያለችበት የመስታወት ሳጥን ፊት ስቆም ግን ርዝመቷ 3 ሜትር ከ40 ሴንቲ፣ ክብደቷ ደግሞ 90 ኪሎ አካባቢ ነው። እንጨት፣ ፕላስቲክና የተጠቀለለ ቆርቆሮ። ፒክአፕ ላይ ብትጫን ጅራቷ ትንሽ ወጣ ይል ይሆናል እንጂ ትሄዳለች።

አዘንኩ? በፍጹም። እንዲያውም እዚያው ሳጥን ዙሪያ አንድ ሰዓት ያህል ስዞር ቆየሁ። ይሄ ጽሑፍ እንግዲህ የዚያ አንድ ሰዓት ግምገማ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ደግሞ ሌሎች ሙዚየሞች ከድሮ የህዋ ድራማዎች የተረፉ ዕቃዎችን እንዴት እንደሚይዙ ጨምሬበታለሁ።

መጀመሪያ ለማያውቃት ላስተዋውቅ። ወሩም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሞዴሏ የተሠራችው በ1964 ነው፣ ዲዛይኑ የድራማው አርት ዳይሬክተር የማት ጄፍሪስ። ድራማው በ1966 ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ጀመረ፣ በ1969 አለቀ፣ በድምሩ 79 ክፍል። ሲያልቅ እሷም እንደማንኛውም የስቱዲዮ ዕቃ መጋዘን ገባች። በ1974 ስቱዲዮው ፓራማውንት ለስሚዝሶኒያን ሰጣት። የደረሰችው ተፈታታ፣ በሳጥን ታሽጋ፣ ቆሽሻ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያለው ዲሽና የሁለቱ ሞተሮች የፊት ጉልላቶች ጠፍተዋል። ማንም ሰው ይህች ነገር ከ50 ዓመት በኋላ ሰው ተሰልፎ የሚያያት ትሆናለች ብሎ አልጠበቃትም። መጣያ ገንዳ ውስጥ አለመግባቷ ራሱ ዕድል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለኔ የታሪኩ ዋና ክፍል ነው። ጥሩ ያልሆነውን ጭምር ልናገር።

ሙዚየሙ በ1974 አደሳት። በ1984 እንደገና ተነካች። በ1991 ደግሞ ትልቁ ጥገና መጣ። ያኔ የሠራት ባለሙያ እጁ ጥሩ ነበር፣ ይሄን ማንም አይክድም፣ ግን ገላዋ ላይ የብረት ሉሆች መጋጠሚያ የሚመስሉ መስመሮችን አወጣ፣ ጥላ ጥላ ሰጣቸው፣ በቴሌቪዥን ያየናት ለስላሳ ግራጫ መርከብ በኋላ ዘመን ፊልሞች ውስጥ ያሉትን መርከቦች መሰለች። አድናቂዎች ተናደዱ። እኔም ፎቶዎቹን ሳይ ትዝ ያለኝ «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለው ነው። ማሳመር ፈልገው ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ግን አንድ የሙዚየም ዕቃ ላይ ያስቀመጥከው አዲስ ቀለም የድሮውን ቀለም ይሸፍናል፤ አንዳንዴም አዲሱ እንዲይዝ የድሮው ይፋቃል። የተፋቀ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

ደግነቱ አንድ ቦታ ተርፏል። ሳህን የሚመስለው የፊተኛው ክብ ክፍሏ የላይኛው ገጽ። ሁሉም ጥገና እሱን አልፎት ሄዷል፣ በ1991ም አልተነካም። የ1960ዎቹ ቀለም አሁንም እዚያ አለ። ቀረብ ብሎ ላየው በእርሳስ የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉበት፣ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ሸረሪት ድር። እርሳስ! ተማሪ ደብተር ላይ የሚያሰምርበት ዓይነት እርሳስ። በቴሌቪዥን እንኳን በደንብ አይታይም ነበር። አንድ ሰው ማስመሪያ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ ሲያሰምር ታየኝ። እዚያ መስመር ላይ ነው ብዙ የቆምኩት።

ከ2000 እስከ 2014 ደግሞ የት እንደነበረች ታውቃላችሁ? የሙዚየሙ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ ምድር ቤት። በቲሸርትና በቁልፍ መያዣ መሃል። 14 ዓመት ሙሉ። ልጆች በቀላሉ ያገኟት ነበር፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ለአንድ የእንጨትና የቀለም ቅርስ ቦታው አይደለም። እውነቱን ለመናገር ያኔ ሙዚየሙ ራሱ ምን ያድርጋት ግራ የገባው ይመስለኛል። እውነተኛ አውሮፕላንና እውነተኛ መንኮራኩር የሚሰበስብ ቤት ውስጥ የማትበር፣ በርራም የማታውቅ መርከብ ምን ትባላለች?

መልሱ በ2014 መጣ። ከሱቁ አወጧትና ቨርጂኒያ ወዳለው የሙዚየሙ ሁለተኛ ቅጥር ግቢ፣ ኡድቫር ሄዚ ማዕከል ወሰዷት። እዚያ እውነተኛ አውሮፕላኖች የሚጠገኑበት ትልቅ አዳራሽ አለ። እሷም እንደነሱ ተያዘች። ኤክስሬይ ተነሳች፣ ልክ እንደታመመ ሰው፣ ውስጧ ያለው ምስማርና ሽቦ የት የት እንደሆነ እንዲታይ። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ተመረመረች፣ የትኛው ቀለም የድሮ፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ እንዲለይ። ቀለሙን ንብርብር በንብርብር እየገለጡ የመጀመሪያውን ግራጫ ፈለጉት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ነበረባቸው፣ ጥገና የሚባል ነገር ሁሉ ያለበት ጥያቄ። ወደ የትኛው ቀን ነው የምንመልሳት? ሞዴሏ በቀረጻው ጊዜ ራሱ ብዙ ጊዜ ተለዋውጣለች። መጀመሪያ ስትሠራ መብራት አልነበራትም፣ መብራቱ የመጣው በኋላ ነው። የመረጡት ነሐሴ 1967ን ነው። ለምን? በዚያ ወር ለአንድ ክፍል ቀረጻ የተደረገላት ለውጥ በቀረጻ ዘመኗ የመጨረሻው የሚታወቅ ለውጥ ስለሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ነው። ይሄ ውሳኔ ደስ ይለኛል። «ቆንጆ የምትሆነው መቼ ነው?» አላሉም። «የሠሯት ሰዎች የጨረሷት መቼ ነው?» ነው ያሉት።

ማስረጃ ስላነሳቸው ደግሞ ሕዝቡን ጠየቁ። በ2015 ሙዚየሙ ከ1976 በፊት የተነሳ የመርከቧ ፎቶ ወይም ፊልም ያለው ሰው ካለ ይላክልን ብሎ አወጀ። አስቡት፣ የአንድ ሰው የአልበም ፎቶ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤግዚቢሽን ሄዶ ያነሳው፣ የመርከብ ቀለም ለመወሰን ማስረጃ ሲሆን። አድናቂ ማለት ኮስታራ ክርክር ብቻ የሚወድ ሰው ይመስላችሁ ከሆነ እንግዲህ ሥራውን እዩት።

ሐምሌ 1 ቀን 2016 የሙዚየሙ ሕንፃ ከተከፈተ 40 ዓመት ሲሞላው በዋናው አዳራሽ ተመለሰች። ሙቀቱንና እርጥበቱን በሚቆጣጠር የመስታወት ሳጥን ውስጥ። አዳራሹ የእውነተኞቹ በራሪዎች ቤት ነው፣ አብራሪው ሊንድበርግ አትላንቲክን የተሻገረበት አውሮፕላን ያለበት። እኔ ያየኋት በዚህ አቀማመጥ ነው። ሙዚየሙ ከ2018 ጀምሮ ትልቅ እድሳት ላይ ስለቆየና ዕቃ ስለሚዘዋወር ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን ማየት አትርሱ። መግቢያው ነፃ ነው፣ ይሄም ለግምገማዬ ነጥብ ይጨምራል።

አሁን ወደ ርዕሴ።

ሁሉም ሰው ቀኝ ጎኗ ጋ ነው የሚቆመው። ትክክል ነው፣ ካሜራውም ያያት ከዚያ ነበር። መስኮቶች፣ መብራቶች፣ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ ሁሉም ቀኝ ጎን ላይ ነው። ግን ሳጥኑ በአራቱም በኩል ክፍት መስታወት ስለሆነ ዞር ማለት ይቻላል። ዞሬ ሄድኩ። ግራ ጎኗ… አላለቀም። ሽቦው የሚገባው በዚያ በኩል ስለነበር፣ ካሜራም ስለማያየው፣ ማንም ገንዘብና ጊዜ አላጠፋበትም። ባዶ ነው። የቤት ጀርባ ግድግዳ ታውቁ የለ፣ ፊት ለፊቱ ተቀብቶ ጀርባው የቀረ፣ ልክ እንደዚያ።

ጠጋኞቹ ይሄን ጎን መጨረስ ይችሉ ነበር። እጃቸው ይችላል፣ ቀለሙም አላቸው፣ ጎብኚም «ዋው» ይል ነበር። አልነኩትም። ለኔ የጠቅላላው ሥራ ትልቁ ጀግንነት ይሄ ነው። ቀኝ ጎኗ የድራማው ታሪክ ስለሚካሄድበት 23ኛው ክፍለ ዘመን ይነግርሃል፣ ግራ ጎኗ ስለ 1964 ይነግርሃል፤ በጀት ስላነሰው ስቱዲዮ፣ ስለ ቸኮለ ፕሮዲዩሰር፣ ስለ ደከመው አናጢ። ሙዚየም የሄድኩት ለሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያውንማ ቤቴ ሶፋ ላይ ሆኜ አየዋለሁ።

መብራቱንም ላንሳ። የሞተሮቹ የፊት ጉልላት ውስጥ ያ ቀይ ብርቱካናማ ሽክርክሪት ትዝ ይላችኋል? በቀረጻው ጊዜ የተሠራው በገና ዛፍ አምፖሎች፣ በሚሽከረከሩ ክንፎችና በተሰባበረ መስታወት ነው። የገና ዛፍ መብራት! ታዲያ አምፖል ይሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ ለ50 ዓመት እንጨትና ቀለም ጠላት ነው። ስለዚህ በ2016 በኤልኢዲ ተክተውታል፣ ሽክርክሪቱንም በኤልኢዲ አስመስለውታል። እዚህ ጋ አንዳንድ ሰው «ታዲያ ኦሪጅናል አይደለማ» ይላል። አዎ አይደለም። ግን የጠፋ ነገር ነው የተተካው፣ ያለ ነገር አልተነሳም። ልዩነቱ ሰፊ ነው። መብራቱም ቀኑን ሙሉ አይበራም፣ በተወሰነ ሰዓት ነው የሚበራው። ጠብቃችሁ እዩት።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ ሌላ ክፍል፣ ስለ ፕላኔቶች ያለው ጋ፣ ጆሮው ሹል የሆነው የድራማው ገጸ ባህሪ፣ የስፖክ ጆሮዎች አሉ። ስፖክን ሆኖ የሠራው የሊዮናርድ ኒሞይ ቤተሰብ በ2021 የሰጠው፣ ተዋናዩ ራሱ በእጁ በሠራው ጥቁር ሳጥን ውስጥ። ሁለት ትንንሽ የላቴክስ ጫፎች ናቸው፣ ጣት አያህሉም። እኔን ያስፈሩኝ ግን ከመርከቧ ይልቅ እነሱ ናቸው። ላቴክስ ማለት የተፈጥሮ ጎማ ነው። ብርሃንና ኦክስጅን ይበሉታል። መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ጥሩ ሙዚየም ጨለማ፣ ቅዝቃዜና አነስተኛ ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ይሄም የሚያዘገየው እንጂ የሚያስቆመው አይደለም። እንጨት በአግባቡ ከተያዘ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። ጆሮ ግን በጥቂት ቀን ቀረጻ ውስጥ ተበላሽቶ እንዲጣል ነበር የተሠራው። ዕድሜ ልኩን ያስቀመጠው ተዋናይ ባይኖር ዛሬ የለም።

ስለ ላቴክስ ካነሳሁ አይቀር። ስሙን የማልጠራው አንድ ሙዚየም ውስጥ የድሮ ቴሌቪዥን ጭራቅ ጭንብል ከላይ በሚያቃጥል መብራት ሥር አስቀምጠውት አየሁ። መቆሚያው ላይ ቡናማ ፍርፋሪ ነበር። ጉንጩ ነው እንግዲህ ያ። ጥበቃውን ጠርቼ ሳሳየው ጎንበስ ብሎ አየና «ስመጣም እንዲህ ነበር» አለኝ። ምን እለዋለሁ? ዕቃውን ለማሳየት ያበሩት መብራት ዕቃውን እየበላው ነው። ዝቅተኛ ብርሃን ያላቸው ክፍሎች ውስጥ ስትገቡ «ምነው ጨለመ» እያላችሁ አታጉረምርሙ። ለጨርቅና ለመሳሰለው ስስ ነገር የተለመደው መጠን 50 ሉክስ ነው (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ከሳሎን አምፖል በጣም ያነሰ።

ጨርቅ ስል ደግሞ፣ ከአየርና ህዋ ሙዚየሙ በእግር የሚደረስበት የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ተዋናይዋ ኒሼል ኒኮልስ የመርከቧን የመገናኛ መኮንን ኡሁራን ሆና ስትሠራ የለበሰችው ቀይ ዩኒፎርም አለ። የኡሁራ ስም ኡሁሩ ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው፣ ነፃነት ማለት። ኒኮልስ ድራማውን ልትተው ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ እንድትቆይ የመከራት፣ በኋላም ለናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ጠፈርተኛ አድርጋ የመለመለች ሴት ናት። ልብሱ ግን ከተረቱ ያነሰ ነው፣ አጭር፣ ቀላል፣ ስፌቱ በችኮላ። ልብስ ደግሞ ሁሌ አይታይም፣ ማረፍ ስላለበት ወደ ሳጥን ይመለሳል፤ ስትሄዱ ካላገኛችሁት አትቆጡ።

ሲያትል ያለው የፖፕ ባህል ሙዚየም ደግሞ ሌላ መንገድ የሄደ ነው። መሥራቹ ፖል አለን የካፒቴን ከርክን ወንበርና የመርከቧን መምሪያ ክፍል ቁርጥራጮች በ2002 ጨረታ ላይ በ304,750 ዶላር ገዝቶ አመጣቸው። ወንበሩ ስንት ዘመን ያየነው ዙፋን ቢሆንም ሥሩ ከገበያ የተገዛ ተራ ወንበር ነው፣ ዙሪያውን እንጨት ገጥመውለት አዝራር የተከሉበት። እዚህ ጋ ጥያቄው ይመጣል፤ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ከሀብታም እጅ ወደ ሙዚየም ከገባ ጥሩ፣ ካልገባስ? ሮቢ የሚባለው ሮቦት፣ ከፊልም በኋላ ብዙ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የሠራው፣ በ2017 ኒውዮርክ ጨረታ ላይ 5.375 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። በዚህ ዋጋ ሙዚየም አይወዳደርም። ለዚህ ነው በ1974 በነፃ የተሰጠችው መርከብ ትልቅ ነገር የሆነችው፤ ዛሬ ጨረታ ላይ ብትወጣ ስሚዝሶኒያንም ከሩቅ ነበር የሚያያት።

ደግሞ ታናሿን አትርሱ። ከትልቋ በፊት የተሠራች 84 ሴንቲ ገደማ የምትሆን ሞዴል ነበረች፣ የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣት የነበረ። በ1970ዎቹ ለሰው አዋሰና ጠፋች። እንዲሁ ጠፋች! በ2023 ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ለሽያጭ ወጥታ ታየች፣ በ2024 ለልጁ ተመለሰች። 40 ዓመት በላይ አንድ ቦታ ተቀምጣ። ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ ኤክስሬይ ስትነሳ ሌላዋ አቧራ ስትጠጣ።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። አንደኛ፣ የእጅ ዕቃዎቹ ታሪክ ሙዚየሞች ውስጥ በቂ ቦታ አያገኝም፤ ዶክተር መኮይ በሽተኛ የሚያክምባቸው መሣሪያዎች አንዳንዶቹ የጠረጴዛ ጨው መነስነሻዎች ነበሩ፣ ኮሙኒኬተር የሚባለው የእጅ መነጋገሪያቸው ውስጥ የሚሽከረከረውን ነገር የሚያዞረው የሰዓት መቁጠሪያ ማሽን ነበር፣ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ከመርከቧ አጠገብ ቢቀመጥ ጎብኚው ዕቃ እንዴት እንደሚወለድ ያያል። ሁለተኛ፣ የ1991 ቀለም ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ከሳጥኑ ጎን ቢሰቀል እወድ ነበር። ስህተት ለማስታወስ አይደለም፣ ጥገና ራሱ ታሪክ ስለሆነ ነው።

ነጥብ ካላችሁኝ ለመርከቧ ከ5 ውስጥ 5፣ እዚያ ለመድረስ ለወሰደው 42 ዓመት 3።

ሰዓቱ ሲደርስ መብራቷ በራ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ ቀኝ ጎን ሮጠ፣ ልጆች ትከሻ ላይ ወጡ፣ እኔና አንድ ሽማግሌ ብቻ ግራ ጋ ቀረን። ሰውየው እጁ ሻካራ ነው፣ የአናጢ ወይም የመካኒክ እጅ። መስታወቱን በጣቱ ሳይነካ ባዶውን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአየር ላይ ተከተለው። አንድ ቦታ ላይ ቆመና ፈገግ አለ።

«እዚህ ጋ» አለኝ፣ «ሠራተኛው እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ሄዷል።»